ኪልዋ፣ የነፋስ ኬላ

እንደምን አመሻችሁ። ኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይም መቀመጥ ይቻላል።

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትራንዚተር ነኝ። 22 ዓመት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ፣ ጅቡቲ ስመላለስ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የፈረሰ ከተማ ቢሆንም፣ ያየሁት በትራንዚተር ዓይን ነው። ሌላው ሰው ፍርስራሽ ሲያይ ቅስቱ፣ ጌጡ፣ ጽሑፉ ይታየዋል። እኔ መጋዘኑን ነው የምፈልገው። ዕቃው በየት ገባ? ማን ቀረጠው? ስንት ቀን ተኛ? አመል ሆኖብኝ ነው።

ከተማዋ ኪልዋ ትባላለች። ሙሉ ስሟ ኪልዋ ኪሲዋኒ ነው፤ "ደሴቲቱ ላይ ያለችው ኪልዋ" ማለት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከዳሬሰላም ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከየብሱ ትንሽ ፈንጠር ብላ ባሕር ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ወቅት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከተሞች ሁሉ ሀብታሟ ነበረች። ዛሬ ዓሣ አስጋሪዎችና ፍየሎች ይኖሩባታል። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እንዴት ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። ለሥራ ስብሰባ ዳሬሰላም ሄጄ ነበር። ስብሰባው በሁለት ቀን አለቀ። ቲኬት የቆረጠልኝ ልጅ ግን ቀን ተሳስቶ መመለሻዬን በስድስተኛው ቀን አድርጎታል። ተበሳጨሁ። ሰው ሁሉ "ዛንዚባር ሂድ" አለኝ። ከስብሰባው ተካፋዮች አንዱ፣ እንደኔው ዕቃ የሚያስለቅቅ ታንዛኒያዊ፣ "ዛንዚባርን ተወው። አንተ የወደብ ሰው ነህ፣ የወደቦችን አያት ሂድና እይ" አለኝ። በነጋታው ሳይነጋ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

የሩፊጂን ድልድይ ተሻግረን፣ ናንጉሩኩሩ የምትባል መገንጠያ ላይ ወረድኩ። ስሟን ሦስቴ ደጋግሜ ካልጠራሁ አልያዘልኝም። ከዚያ በሚኒባስ ኪልዋ ማሶኮ ገባሁ። ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ያለችው የየብስ ከተማ ናት። ፈቃድ ወረቀት ማውጣት ነበረብኝ። ፎርሙ ላይ "የጉብኝት ምክንያት" የሚል መስመር አለ። በሙያ ልማድ "ትራንዚት" ብዬ ልጽፍ ስል ብዕሬን ያዝኩት።

ማታ ከጀልበኛው ጋር ተዋወቅን። ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነው። እዚያ አገር ታላቅህን "ሽካሞ" ብለህ ነው ሰላም የምትለው። ትርጉሙ ከ"እግርህን ያዝኩ" የመጣ ነው ይላሉ። ጉልበት መሳም መሆኑ ነው። እሱም "ማራሃባ" ብሎ ይመልሳል። "ሽካሞ ምዜ" አልኩት፤ ምዜ ማለት ሽማግሌ፣ አባባ እንደማለት ነው። ደስ አለው። "ነገ ሳ ሞጃ" አለኝ። ሳ ሰዓት ነው፣ ሞጃ ደግሞ አንድ። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ፈረንጆችም አብረውን ሊሄዱ ተመዝግበው ነበር። እነሱ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት መሰላቸው። እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተገኘሁ። ስዋሂሊም እንደኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው። ከአዲስ አበባ ስነሳ የሰዓቴን ቁልፍ አልነካሁትም፣ መንካትም አላስፈለገኝም። ምዜ ባዶውን ወንበር አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ሸራውን ዘረጋ። ፈረንጆቹ ገና ተኝተዋል።

መሻገሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ታሪኩም እዚሁ ውሃ ላይ ይጀምራል።

የኪልዋ ዜና መዋዕል የሚባል አለ። አንዱ ቅጂ በዐረብኛ ነው፣ ሌላውን ጆአዎ ደ ባሮስ የተባለ ፖርቱጋላዊ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። እንዲህ ይላል። የፋርሷ ሺራዝ ገዥ ሰባት ልጆች ነበሩት። አንደኛው ዓሊ ይባላል። ወንድሞቹ ይንቁታል። ለምን? እነሱ ከፋርስ ባላባት ሴት ሲወለዱ፣ የሱ እናት ግን ሐበሻ ባሪያ ነበረች። ዓሊ ንቀቱ ሲመረው በመርከብ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ፣ ኪልዋንም አገኘ። ደሴቲቱን ከባላገሩ ገዥ በጨርቅ ገዛት። ሰዉ ሲተርከው ጨርቁ ደሴቲቱን ዙሪያዋን የሚከብብ ነበር ይላል። ገዥው ጨርቁን ተቀብሎ ወደ የብሱ ሄደ። በልቡ ግን ተመልሶ ሊወጋው ነበር። ያን ጊዜ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር መሻገር ይቻል ነበር። ዓሊ መሻገሪያውን አስቆፈረ፣ ውሃውም ሳይጎድል ቀረ።

ይህን ሳነብ "ሐበሻ" የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ እንዴት እንደዘለልኩ አትጠይቁኝ። እዚህም የዘለላችሁ አላችሁ፣ አየኋችሁ። ግን እንረጋጋ። የመሥራች ተረት ነው፤ ከተባለው ዘመን ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ። ደግሞም ሴትየዋ በንግሥትነት አይደለም የሄደችው። ተሸጣ ነው። የሚያኮራ ነገር ከፈለግን እዚያ መስመር ላይ አናገኘውም።

"ኪልዋን ማን ሠራት?" የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው አጨቃጭቋል። ድሮ የቅኝ ገዥዎቹ ጸሐፊዎች መልስ ቀላል ነበር። አፍሪካዊ ድንጋይ ጠርቦ ጉልላት አያቆምም፣ ዐረብና ፋርስ መጥተው ሠሩት አሉ። እኛም እናውቀዋለን ይህን ዘፈን። አክሱምን ሳባውያን ተሻግረው ሠሩላቸው ሲባል ኖሯል። በኋላ የመጡት አርኪዮሎጂስቶች ደግሞ ከድንጋዩ ሥር ሲቆፍሩ የጭቃ ቤት፣ ከሱ ሥር ሌላ የጭቃ ቤት፣ የአገሬው ገል፣ የአገሬው ብረት አገኙ። ከተማዋ ከመንደር ነው ያደገችው። ከመርከብ ላይ ተጭና አልወረደችም።

በ2023 ደግሞ አንድ ጥናት ወጣ። በጠረፉ ላይ ከ1250 እስከ 1800 የኖሩ የ80 ሰዎች አጽም በዘረመል ተመረመረ፣ ከኪልዋም ጭምር። በእናት በኩል የዘር ሐረጉ አፍሪካዊ ነው። በአባት በኩል ብዙው ከፋርስ ምድር የመጣ ነው። መቀላቀሉ የጀመረው በ1000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ "ሺራዝ ነን" የሚሉት ሽማግሌዎች ባዶ ወሬ አልነበረም የሚያወሩት። ነጋዴው መጣ፣ አገባ፣ ቀረ። ልጆቹ የተናገሩት ግን የእናታቸውን ቋንቋ ነው። ስዋሂሊ ከዐረብኛ ቃል እንደልቡ ተበድሯል፤ ባሃሪ፣ ሒሳቡ፣ ዱኒያ ሲሉ ብትሰሙ ትርጉም አያስፈልጋችሁም። አጥንቱ ግን ባንቱ ነው። ልጅ አፉን የሚፈታው እናቱ ጓዳ ውስጥ ነውና።

በነገራችን ላይ በ1960ዎቹ ኪልዋን በሰፊው የቆፈረው ኔቪል ቺቲክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የት መጣ? አክሱም። ሥራውን አብዮቱ አቋረጠበት። ያው አካፋ ሁለቱንም ነክቷል።

ለእኔ ግን "ማን ሠራት?" ከሚለው ይልቅ "በምን ትኖር ነበር?" የሚለው ይጥመኛል። መልሱም አናቴ ላይ ሲነፍስ ነበር።

ምዜ ሸራውን እያስተካከለ "ካስካዚ" አለኝ፣ በእጁ ወደ ሰሜን እያሳየ። ሁለት ነፋስ አለ። ካስካዚ ከኅዳር ታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ኩሲ ከሚያዝያ ጀምሮ ከደቡብ ምዕራብ ይመልሳል። ስዋሂሊዎች ሰሜንን "ካስካዚኒ"፣ ደቡብን "ኩሲኒ" የሚሉት ከዚሁ ነው። አቅጣጫቸውም በነፋስ ስም ነው የተሰየመው። ከዓደን፣ ከሆርሙዝ ወይም ከጉጃራት የተነሣ መርከብ በካስካዚ ይወርዳል፣ በኩሲ ይመለሳል። ሞተር የለ፣ ሌላ ምርጫ የለ።

አሁን ይቺን አድምጡ። ወርቁ ያለው ሶፋላ ነው፣ ከኪልዋ በጣም ወደ ደቡብ፣ በዛሬዋ ሞዛምቢክ። ሶፋላ የሚደርሰው ከዚምባብዌ ደጋ እየወረደ ነው። የሰሜን መርከብ በአንድ ወቅት ነፋስ ወርዶ፣ ነግዶ፣ በዚያው ዓመት አገሩ ልግባ ካለ የሚችለው እስከ ኪልዋ ነው። ከዚያ አልፎ ሶፋላ ከወረደ ነፋሱ ያመልጠዋል፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ ይከርማል። ስለዚህ ምን ይደረጋል? የኪልዋ ሰዎች በራሳቸው ጀልባ ከሶፋላ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን ያመጣሉ፣ ያከማቻሉ፣ የሰሜኑን መርከብ ይጠብቃሉ። ጀልባቸው ምቴፔ ይባላል። ሳንቃው በኮኮናት ገመድ የተሰፋ ነው እንጂ ሚስማር የለውም።

ገባችሁ? ኪልዋ ወርቅ አልነበራትም። አንድ ግራም አልወጣባትም። የነበራት ቦታ ነው። ነፋሱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኬላ ማለት ይህ ነው። እኛ ገበሬ ላይ ኬላ ዘርግተን ገመድ እናስራለን፤ እሷ ገመዱንም እግዜር አሰረላት።

ታዲያ ሶፋላን መጀመሪያ ያገኙት በአጋጣሚ ነው ይላል ዜና መዋዕሉ። አንድ የኪልዋ ዓሣ አስጋሪ ትልቅ ዓሣ መንጠቆው ላይ ይይዛል። ዓሣው ይጎትተዋል፣ ወራጁ ይወስደዋል፣ ሶፋላ ይደርሳል። እዚያ የሞቃዲሾ ነጋዴዎች ወርቅ ሲገዙ ያያል። ተመልሶ ለሱልጣኑ ይናገራል። ሱልጣኑም ከሞቃዲሾዎች እጅ ነጠቀው። ሞቃዲሾ ከሶፋላ ምን ያህል እንደምትርቅ ካርታ ላይ እዩትና ለምን እንደተሸነፈች ይገባችኋል።

ቀረጡስ ስንት ነበር? ይኼ ነው የኔ ጥያቄ። ዲዮጎ ደ አልካሶቫ የተባለ ፖርቱጋላዊ በ1506 ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ ዘርዝሮታል። ጨርቅ ይዞ የገባ ነጋዴ መጀመሪያ የመግቢያ ይከፍላል። ከዚያ ከዕቃው ሁለት ሦስተኛውን ንጉሡ ይወስዳል። የቀረው እንደገና ተገምቶ ከ1000 ሚትቃል 30 ይከፈልበታል። ሚትቃል የወርቅ መመዘኛ ነው፣ ከ4 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ያን ይዞ ሶፋላ ሲደርስ ከ7 ጨርቅ አንዱን ለዚያው ንጉሥ ይሰጣል። በወርቅ ሲመለስ ኪልዋ ላይ መቆም ግዴታው ነው፤ ከ1000 ሚትቃል 50 ይቆረጥበታል። የዝሆን ጥርስ ከያዘ ደግሞ ከ7 አንዱ።

እኔ ይህን ዝርዝር ሆቴል ቁጭ ብዬ በካልኩሌተር ሠራሁት። ሁለት ሦስተኛዋ አልዋጥልህ አለችኝ። እንዲህ ቀረጥ ከሆነ ማን ይመጣል? ወይ ፖርቱጋሉ አጋኗል፣ ወይ ያ ቀረጥ ሳይሆን ንጉሡ በቅድሚያ የሚገዛው ድርሻ ነው። የቀረው ግን፣ 5 በመቶውም አንድ ሰባተኛውም፣ ያምራል። አሠራሩን ነው ያደነቅሁት። መግቢያ፣ ግምት፣ መውጫ፣ መመለሻ። አንዱን ዕቃ አራት ጊዜ። ይህን የሠራ ሰው ዛሬ ቢኖር የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚቀጥረው አውቃለሁ፣ አልናገርም።

ደሴቲቱ ላይ ወረድን። ማዕበሉ ሸሽቶ ስለነበር ጫማዬን አውልቄ ጭቃ ላይ ነው የሄድኩት። ከባሕር መጀመሪያ የሚታየው ትልቁ ግንብ ጌሬዛ ነው፤ እሱን በኋላ። ልጆች ማንዳዚ ይሸጣሉ። ቦምቦሊኖ ነው በሉት፣ ሄል ያለበት። ሁለት ገዝቼ እየበላሁ ታላቁ መስጊድ ደረስኩ።

ታላቁ መስጊድ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ተጀምሮ እየሰፋ፣ እየፈረሰ፣ እየታደሰ የቆመ ነው። ጣራው ጉልላትና ቅስት ነው። ውስጡ ሲገቡ ዓምድ በዓምድ ነው፤ ብርሃኑ ከተደረመሰው በኩል ይወርዳል። አንዲት ፍየል ሚሕራቡ፣ የሶላት አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጉድባ፣ አጠገብ ቆማ ታመሰኳለች። ግድግዳው የተሠራበትን ድንጋይ ጠጋ ብዬ አየሁት። የማር ሰፈፍ ይመስላል፣ ትንንሽ ቀዳዳ በቀዳዳ። ኮራል ነው፣ ባሕር ውስጥ የሚያድግ። አንዱን ዓይነት ከባሕር እርጥቡን ሲያወጡት ለስላሳ ነው፤ እንደ አይብ በቢላ ይቀረጻል። አየር ላይ ሲከርም ይጠነክራል። ኖራውም ከዚያው ነው። እንጨት ክብ አድርገው ይከምራሉ፣ ኮራሉን ከላይ ይጭናሉ፣ ያነዱታል። ባሕሩ ድንጋይም ሲሚንቶም ሰጣቸው።

እንጨቱ ግን ዳኛቸው ነበር። የቤቱ ጣራ የሚያርፍበት ቦሪቲ የሚሉት፣ ባሕር ዳር ከሚበቅለው ከማንግሮቭ ዛፍ የሚቆረጥ ወራጅ አለ። ጥሩ ወራጅ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። አንዱ ቤት ውስጥ ገብቼ ቦሪቲው ተሰክቶበት የነበረውን ቀዳዳ አገኘሁ። ከግድግዳ ግድግዳ እጄን ዘረጋሁ። አንድ ክንድ ተኩል ብቻ ቀረኝ። ሀብታሙ ነጋዴ፣ በቻይና ሳህን የሚበላው፣ የሕንድ ሐር የሚለብሰው፣ የሚተኛው እንዲህ በጠበበ ክፍል ነው። ክፍሉ እንደፈለገ ይረዝማል፣ አይሰፋም። ሰውዬው ምን ያህል ወርቅ ቢኖረው ዛፉ ከዚህ በላይ አይሰጠውም። መስጊዱ ላይ ጉልላት ሲያቆሙ ከእንጨቱ ግዛት ወጡ ማለት ነው። ጉልላት ሲባል ጌጥ ይመስለን ነበር፣ መላ ነው። ሲያበቁ ደግሞ ከጉልላቱና ከቅስቱ አንዳንዱ ላይ የቻይና ሸክላ ሳህን ተከሉበት፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰፌድ እንደምንሰቅለው።

ከዚያ በእግር ወደ ምሥራቅ ሄድን። ባኦባብ አለ፣ ትግራይ ዲማ የሚሉት ዛፍ። ኮረብታው ጫፍ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ሁሱኒ ኩብዋ አለ። ቤተ መንግሥት ነው። ከ100 በላይ ክፍል አለው። ስምንት ማዕዘን ያለው መዋኛ ገንዳ አለው። ወደ ባሕር የሚወርድ ደረጃ አለው። በደቡብ በኩል ደግሞ ሰፊ ግቢ በትንንሽ ክፍል የተከበበ። እዚያ ስደርስ ልቤ መታ። መጋዘን! ንጉሡ እልፍኙንና መጋዘኑን አንድ ግቢ አድርጎታል። ምዜ ገንዳውን ሊያሳየኝ ይጠራኛል፣ እኔ ክፍል እቆጥራለሁ።

ይህን ያሠራው ሱልጣን አል ሐሰን ኢብን ሱለይማን ነው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። በልጅነቱ ዓደን ሄዶ ሁለት ዓመት ተምሯል፣ መካም ሐጅ አድርጓል። ያየውን አገሩ ሊሠራ ፈለገ። ቤተ መንግሥቱ ሳያልቅ ቀረ፣ ያም ሆኖ። ቅጽል ስሙ አቡል መዋሂብ ነው፣ የስጦታ አባት።

የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 ኪልዋ ሲመጣ ያገኘው ይህን ሱልጣን ነው። ኢብን ባቱታ በቀላሉ የሚያደንቅ ሰው አልነበረም። ዘይላ ሲደርስ በዓሣና በግመል ደም ሽታ ተማርሮ፣ ባሕሩ እየተናወጠ መርከብ ላይ ያደረ ነው። ኪልዋን ግን ከሚያምሩ ከተሞች ቆጠራት። ስለ ሱልጣኑም አንድ ታሪክ አለው። ሱልጣኑ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ አንድ የየመን ፈቂር፣ ምስኪን ለማኝ፣ "የለበስከውን ልብስ ስጠኝ" ይለዋል። ሱልጣኑ ወደ መስጊዱ ተመልሶ ሌላ ልብስ ለብሶ፣ ያወለቀውን ይሰጠዋል። ሕዝቡ ተደነቀ። ልጁ ልብሱን ከፈቂሩ መልሶ ወሰደና በምትኩ አሥር ባሪያ ሰጠ። ሱልጣኑ የሕዝቡን ምስጋና ሲሰማ ሌላ አሥር ባሪያና ሁለት ጭነት የዝሆን ጥርስ ጨመረበት።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ለሱልጣኑ ቸርነት ነው የሚጠቅሰው። እኔ ሁለት ነገር አየሁበት። አንደኛ፣ ስጦታው ሃያ ሰው ነው። ስም የላቸውም፣ ከየት እንደተያዙ የሚል የለም፤ እንደ ጭነት ተቆጥረዋል። ሁለተኛ፣ ወርቅ የለበትም። እዚያ አገር ስጦታ የዝሆን ጥርስ ነው፣ ወርቅ ሲሰጡ ብዙም አይታይም ይላል ራሱ ኢብን ባቱታ። የወርቅ ወደብ ላይ! ወርቁ የመርከብ ነዋ። ያልፋል።

ሱልጣኑ ሲሞት ወንድሙ ዳውድ ነገሠ። እሱ የዚያ ተቃራኒ ነው። ለማኝ ሲመጣ "ሰጪው ሞቷል፣ የሚሰጥም አልተወም" ይላል። እንግዳው ወራት ደጁ ይጠናል። ከዚያ ትንሽ ነገር ይወረወርለታል። በኋላ የሚመጣም ጠፋ። እኔ ዳውድን አልጠላውም። ያላለቀ ባለ 100 ክፍል ቤት የወረሰ ሰው ምን ይበል?

ስለ ሳንቲማቸውም ላንሳ። ኪልዋ የራሷን የመዳብ ሳንቲም ትመታ ነበር። በአንድ በኩል የሱልጣኑ ስም፣ በሌላው በአምላክ መታመኑ ይጻፋል። የፊቱና የጀርባው ጽሑፍ ቤት ይመታል። ስንኝ ነው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ። አክሱሞች ሳንቲማቸው ላይ "ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ" ብለው ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ገጠሙበት። ከሳንቲሞቹ አንዱ ታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል። አምስቱ ደግሞ በ1944 በሰሜን አውስትራሊያ ደሴት ላይ አንድ ወታደር አሸዋ ውስጥ አገኛቸው። እንዴት እዚያ ደረሱ? ዲክላራሲዮናቸውን ያየ የለም።

ወደ ጌሬዛ እንመለስ። ፖርቱጋሎች መጀመሪያ የመጡት በ1500 ነው። በ1502 ቫስኮ ዳ ጋማ መድፉን ደግኖ ግብር አስከፈለ። በ1505 ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ከተማዋን ወርሮ ዘረፈና ምሽግ ሠራ። የዚያ ግብር ወርቅ ሊዝበን ገባ፤ ከሱም በ1506 ቅዱስ ቁርባን የሚታይበት ዕቃ ተሠራ። እዚያው ሊዝበን፣ ብሔራዊው የጥንታዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ። በ1541 እኛን ሊረዳ ምፅዋ የወረደውን ክሪስቶፎር ዳ ጋማን ታውቁታላችሁ። አንገቱን ለእኛ የሰጠ ነው እንላለን። የዚህ የቫስኮ ልጅ ነው። ይህን ለምዜ ብነግረው ራሱን ነቀነቀ። "እኛ ዘንድ አባቱ ነው የመጣው" አለ።

ፖርቱጋሎቹ ብዙ አልቆዩም፣ በ1512 ለቀው ሄዱ። ኬላውን ግን ይዘውት ሄዱ ማለት ይቻላል። ሶፋላ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ወርቁ በኪልዋ ማለፉን ሲያቆም ከተማዋ ምን ይቀራታል? መስጊድና ዕዳ። በ1587 ደግሞ ዚምባ የሚባሉ ተዋጊዎች ገብተው ፈጇት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነቃች፤ የነቃችበትን ግን ማውራት ያስጠላል። በ1776 ሞሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ከሱልጣኑ ጋር ውል ተፈራረመ። በዓመት 1000 ሰው ሊሸጥለት፣ በነፍስ ወከፍ 20 ፒያስትር፣ የብር ገንዘብ ነው። ለፈረንሳይ ደሴቶች የሸንኮራ አገዳና የቡና እርሻ ነው። ውል ነው፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ብዛት ተጽፎ። በሙያዬ ውል ብዙ አይቻለሁ፤ ይህን ሳነብ ግን ሥራዬን ለጥቂት ቀን አስጠላኝ።

የዛሬው ጌሬዛ ዑማኖች በ1800 አካባቢ መልሰው የሠሩት ነው። ቃሉ የመጣው ፖርቱጋሎች ቤተ ክርስቲያን ከሚሉበት "ኢግሬዣ" ነው። ዛሬ በስዋሂሊ "ጌሬዛ" ማለት እስር ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ብለው ያመጡትን ቃል፣ የተቀበለው ሰው ምን ሆኖ እንዳገኘው ይኸው።

የኪልዋና የሶንጎ ምናራ ፍርስራሽ በ1981 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ2004 እስከ 2014 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ዝናቡና ማዕበሉ ይበላዋልና። በአንድ በኩል የጌሬዛ ግድግዳ ወደ ባሕር ተንዶ ወድቋል። የወደቀው ድንጋይ ላይ አንዲት እናት መረብ ዘርግታ ታደርቃለች። ኮራሉ ወደ መጣበት ሊመለስ ትንሽ ነው የቀረው። ሶንጎ ምናራ ሌላ ደሴት ነው፣ ከዚህ ወደ ደቡብ። ቤቶቹ ከኪልዋ ይልቅ ደህና ቆመዋል ይላሉ። እኔ አልደረስኩም። ውሃው አላስኬደንም።

ስንመለስ ማዕበሉ ሞልቷል። ምዜ ሸራውን አልዘረጋም፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ሞተር አስነሣ፣ ተንተፋተፈና ጠፋ። እንደገና ጎተተው። እምቢ አለ። መሻገሪያው መሐል ላይ ተንሳፍፈን ቀረን፤ ያ ዓሊ አስቆፈረው የተባለው ውሃ ላይ። ማሶኮ ዳርቻ ላይ ሁለቱ ፈረንጆች ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ዛሬ ይሁን ነገ የገባቸው አይመስሉም። ምዜ የሞተሩን ካንዴላ ፈቶ በሸሚዙ ጠረገው። "ሳ ንጋፒ?" አለኝ። ስንት ሰዓት ነው ማለቱ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። "አሥራ አንድ" አልኩት በአማርኛ፣ ጣቶቼን እያሳየሁ። ወደ ፀሐይዋ ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነበር።